የአባታችን እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ፤ ሆዳቸውን ማን ጠየቀ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ሰው በአደባባይ ስለማያወራው ነገር ነው፤ ስለ ሆድ ድርቀት። ርዕሱ ቀላል ቢመስላችሁም ታገሱንና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ምናልባት አሁን ቤታችሁ ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡ አባት ወይም እናት በዚሁ ነገር እየተሠቃዩ ሊሆን ይችላል።

እኛ አራት እህትማማቾችና ወንድማማቾች ነን። ወላጆቻችን የሚኖሩት ጉባ ወረዳ፣ ማንኩሽ ነው። ጉባን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በታላቁ የህዳሴ ግድብ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በተመረቀው። ለእኛ ግን ጉባ ማለት አባታችን በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና አራታችንን ያሳደጉበት ቦታ ነው። ታናሻችን እዚያው ከእነሱ ጋር አለ፤ ሁለታችን አሶሳ፣ አንዳችን አዲስ አበባ ነን። ይህን የምንጽፈው በአራታችንም ስም፣ በአባታችንም ፈቃድ ነው። «ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ ጻፉት፤ ስሜን ግን ተዉት» ብለውናል።

✍️ ከእጅ የጀመረ የመሰለን ሕመም

ከዓመታት በፊት የአባታችን ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። የደንበኛ ልክ የሚመዘግቡበት ደብተር ላይ ቁጥሮቹ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። እርምጃቸው አጠረ። ፊታቸው ሳይቆጡ የተቆጡ ይመስል ጀመር።

ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ የራሱን አለ። አንዱ «ዓይን ነው»፣ ሌላው «ጂን ነው»፣ ሌላው «እርጅና ነው» አለ። ሩቃ ተደረገላቸው፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬም አላቆምንም። ነገር ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል። ሩቃና ሐኪም አይጣሉም፤ ሁለቱም ሰበብ ናቸው፣ ፈዋሹ አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ወስደን የነርቭ ሐኪም ዘንድ አቀረብናቸው። የሕመሙ ስም ፓርኪንሰን ሆነ።

ፓርኪንሰን ማለት ባጭሩ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚመጣ ሕመም ነው። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ከእሱ ስምንት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የእኛው ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) «አልቃኑን» በተባለው የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ መንቀጥቀጥ ለብቻው ጽፈዋል።

መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ሌቮዶፓ የሚባለው። መጀመሪያ ላይ ማሻአላህ ጥሩ ነበር። በኋላ ግን አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እንዳልተወሰደ ይሆናል። ጠዋት የዋጡት ኪኒን እስከ ዙህር ምንም ለውጥ ሳያመጣ የሚውልበት ቀን በዛ። ምግብ ቀነሱ። ከመስጂድም ቀሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈጅርን በጀማዓ የሰገዱ ሰው ቤት ውስጥ መስገድ ጀመሩ። ስንጠይቃቸው «እግሬ ደከመ» ነበር መልሳቸው።

✍️ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

ነገሩ የተገለጠው ለቀጠሮ አዲስ አበባ በመጡበት ጊዜ ነው። እጃቸውንና አረማመዳቸውን ለማየት የተመደበች ፊዚዮቴራፒስት፣ እጃቸውን ከመንካቷ በፊት ወንበሯን ጠጋ አድርጋ በዝግታ «አባቴ፣ ሽንት ቤት ከተቀመጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» አለቻቸው።

አባታችን መሬት መሬት አዩ። ከዚያ «ስምንት ቀን» አሉ።

ስምንት ቀን! ምግብ የቀነሱት ሆዳቸው ስለሚነፋ ነበር። ከመስጂድ የቀሩት ሶፍ ውስጥ ቆመው ሆዳቸው እንዳይጮህ፣ ውዱአቸው እንዳይፈታ ፈርተው ነበር። እግራቸው አልደከመም፤ ሐያእ ይዟቸው ነው። ሐያእ ከኢማን ነው። ነገር ግን ሕመምን ከሐኪም መደበቅ ሐያእ አይደለም፤ ሰውነታችን የተሰጠን አማና ነው፣ አማናን መጠበቅ ደግሞ ግዴታ ነው።

ያን ቀን የተማርነውን እናካፍላችሁ። ፓርኪንሰን የእጅ በሽታ ብቻ አይደለም። አንጀታችን በውስጡ የራሱ የሆነ ሰፊ የነርቭ መረብ አለው፤ ምግብን እየገፋ ወደ ታች የሚያወርደው በዚህ መረብ ነው። ሕመሙ ይህንንም መረብ ይነካል። ስለዚህ ጨጓራ ምግብ ለማውረድ ይዘገያል፣ ትልቁ አንጀት ይሰንፋል፣ በመጨረሻም ለመጸዳዳት መላላት ያለባቸው ጡንቻዎች በሰዓቱ አይላሉም። ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሕሙማኑ አንጀት እንደሚሰንፍ ጽፎ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ የሆድ ድርቀቱ ከእጅ መንቀጥቀጥ በዓመታት ሊቀድም መቻሉ ነው። በሃዋይ 6,790 ወንዶችን ለ24 ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይጸዳዱት በቀን አንድ ጊዜ ከሚጸዳዱት ይልቅ በኋላ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ፣ ሕመሙ በአንዳንድ ሰዎች ከአንጀት ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡ እስካሁን እየተጠና ነው። ይህን ስትሰሙ ግን አትደንግጡ። የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የሆድ ድርቀት ከውኃ፣ ከምግብና ካለመንቀሳቀስ የሚመጣ ነው።

✍️ ሆድ ሲዘጋ መድኃኒቱም ይዘጋል

ሌቮዶፓ ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራው ካላወረደው ኪኒኑ እዚያው ይቆያል፤ ሰውየው መድኃኒት ውጦ መድኃኒት እንዳልወሰደ ይሆናል። «መድኃኒቱ ሰውነቴን ለመደው» የሚሉ ብዙ ሕሙማን አሉ። አንዳንዴ ግን ችግሩ መድኃኒቱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

መንገዱን የሚያጨናንቁ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላልን የመሰለ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል፤ ለዚህ ነው ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ወይም ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ የሚመከረው። ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል ደግሞ ራሱ ሆድ ያደርቃል። ማስታወክ ሲኖር በየቦታው የሚሰጠው፣ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀው ሜቶክሎፕራሚድ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፤ ወላጃችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትገቡ «ፓርኪንሰን አለባቸው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተጀመረ መድኃኒትን ግን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው።

✍️ የእናታችን እጅ

ፊዚዮቴራፒስቷ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከሐኪሙ እንዲታዘዝላቸው አደረገች፤ ከዚያ እናታችንን ጠርታ «እርስዎ ደግሞ ይህን ይማሩ» አለቻትና የሆድ ማሸት አሳየቻት። እናታችን ፈገግ አለች። እኛን በሕፃንነታችን በዘይት እያሸች ያሳደገች ሴት ናትና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ታማሚው በጀርባቸው ይተኛሉ፤ ሆዳቸው እንዲላላ ጉልበታቸው ሥር ትራስ ይደረጋል። አስቀድመው ሽንት ይሸናሉ። ከምግብ በኋላ ወዲያው አይደረግም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። እጅ ይሞቃል፣ ትንሽ ዘይት ይቀባል። የሚታሸው የትልቁን አንጀት መንገድ ተከትሎ ነው። ከቀኝ የሆድ ግርጌ ይጀመራል፣ ወደ ላይ እስከ ቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ይወጣል፣ ከእምብርት በላይ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ሆዱን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው የሰዓት ዘንግ የሚዞርበት አቅጣጫ ማለት ነው። እጅ ከቆዳ ትንሽ ጠለቅ ይላል እንጂ አያሳምምም። አሥር ደቂቃ ያህል በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት።

እናታችን ከመጀመሯ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ስለ ሰውነታቸው ሕመም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ እጃቸውን በሚያማቸው ቦታ ላይ አሳርፈው ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ እንዲሉ፣ ከዚያም በአላህ ክብርና ችሎታ ከሚሰማቸው ሕመም የሚጠበቁበትን ዱዓ ሰባት ጊዜ እንዲያደርጉ አስተምረዋቸዋል፤ ሙስሊም የዘገቡት ነው። አባታችን እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ይህን ይላሉ፤ ከዚያ እናታችን ማሸቷን ትጀምራለች። ማሸት ለእኛ እንግዳ ሕክምና አይደለም። ኢብኑ ሲናም «ደልክ» ብለው ጠንካራውንና ለስላሳውን፣ የየራሱን ጥቅም ለይተው ጽፈዋል።

«ዓውራስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለባልና ለሚስት ችግሩ የለም። እናታችን ሲደክማት ታናሻችን ተክቷት ያሻል፤ ከእምብርት በታች ያለውን በስስ ሽርጥ ሸፍኖ በላዩ ላይ ነው የሚሠራው፤ በልብስ ላይም ይሠራል። ሌላ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ በአካባቢያችሁ ያሉ ዓሊሞችን ጠይቁ። ውዱእ በአየር ምክንያት መቆጣጠር ለማይችል ታማሚም በዲናችን ገር የሆነ ፍርድ አለ። አባታችን ይህን ከኡስታዛቸው አፍ እስኪሰሙ ድረስ ነበር ከመስጂድ የራቁት።

✍️ እውነቱን እንነጋገር

ማሸት ተአምር ነው ብለን ብንጽፍ ብዙ ሰው ደስ ይለው ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት አለ። 32 የፓርኪንሰን ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃና ስለ አቀማመጥ ምክር ብቻ አገኘ፣ ሌላው ከምክሩ ጋር ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሆዱን ታሸ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ማሸት ብቻውን ይፈውሳል የሚል ማስረጃ የለም ማለት ነው። ሥራው የመድኃኒት፣ የውኃ፣ የምግብና የእንቅስቃሴ ረዳት መሆን ነው።

ታዲያ ለምን እንቀጥላለን? እኛ ቤት ያየነው ይህ ነው፤ ያቺ አሥር ደቂቃ ሌላውን ሁሉ ይዛ መጣች። እናታችን ለማሸት ስትቀመጥ «ውኃ ጠጣህ? ኪኒኑን ዋጥክ? ትናንት ወጣህ?» ትላቸዋለች። አባታችንም ለሐኪም ያልተናገሩትን ለእሷ ይናገራሉ። ምክር በወረቀት ተጽፎ ሲሰጥ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ በእጅ ሲመጣ ግን በየቀኑ ይታወሳል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት አይጠይቅም፣ ከማንኩሽ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስም አያስፈልገውም።

ምግቡም ከአካባቢያችን የጠፋ አይደለም። የማሽላ ገንፎ፣ ባሚያ፣ ፓፓያ፣ የአሶሳ ማንጎ ሁሉም ሆድ ያለሰልሳሉ። ተልባም ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ መዋጥ ለሚቸገርም አይሰጥም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመሰገኑት ሰነመኪ ዛሬም በሕክምናው ዓለም የታወቀ ማለስለሻ ነው፤ መጠኑን ግን ሐኪም ይንገራችሁ። ቆላ ነንና ላብ ውኃችንን ይጨርሰዋል፤ አባታችን ደግሞ ሽንት ቤት መመላለስ ስለሚከብዳቸው ውኃ ይሸሹ ነበር። ታናሻችን ቀርከሃ ቆርጦ ሽንት ቤቱ ውስጥ በሁለቱም በኩል መያዣ ተከለላቸው። ቁጢጥ ማለት አንጀትን ይረዳል፤ ለፓርኪንሰን ታማሚ ግን መውደቅ አለ። ያቺ ቀርከሃ ከተከለችበት ቀን ጀምሮ ውኃ ይጠጣሉ።

✍️ እጅ የማይነካው ሆድ

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። በየሰፈራችን ወጌሻዎች አሉ፤ ለወለምታ ብዙ ሰው ረድተዋል፣ አላህ ይመንዳቸው። ነገር ግን የታማሚ ሆድ እንደ ወለምታ በኃይል አይታሽም። በአገራችን የአንጀት መጠምዘዝ ሰዎችን ለቀዶ ሕክምና ከሚያበቁ የታወቁ ችግሮች አንዱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ድርቀት ያለበት የፓርኪንሰን ታማሚ ደግሞ ለዚህ ተጋላጭ ነው።

ሆዱ በድንገት ከተነፋና ከጠነከረ፣ አየር እንኳ መውጣት ካቆመ፣ ካስመለሰ፣ ኃይለኛ ቁርጠት ካለ፣ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ሰገራ ከታየ፣ ማሸት የለም፣ ኮሶ የለም፣ «እስኪ ነገ ይታይ» የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ለእኛ ዞን ሰው ፓዌ ሆስፒታል አለ። በቅርብ ሆዱ የተቀደደ፣ ሄርኒያ ያለበት ወይም ሆዱ ውስጥ እብጠት የተገኘበት ሰውም ሐኪም ሳይፈቅድ አይታሽም።

✍️ ረመዷን

ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር። አባታችን መጾም ፈለጉ። ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋልና የኪኒን ሰዓት መዛባት እንደሚጎዳቸው ሐኪሙ ነገራቸው። ኡስታዛቸውም አላህ ለታማሚ ያደረገውን ማግራራት፣ መዳን ተስፋ ለማይደረግለት ሕመምም ለየቀኑ ሚስኪን ማብላት እንዳለ አስረዷቸው። የመጀመሪያው የረመዷን ቀን አለቀሱ። ከዚያ ግን የፊድያውን እህል በየማታው ራሳቸው እየሰፈሩ፣ በዚያችው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ለጎረቤት መስጠት ጀመሩ። አላህ ይቀበላቸው።

✍️ ዛሬስ?

አባታችን አልዳኑም። ፓርኪንሰን እስካሁን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። እጃቸው ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ መርፌ ላይ ክር የምታስገባው እናታችን ናት። ነገር ግን በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይጸዳዳሉ፣ ይበላሉ፣ ኪኒኑ የሚሠራባቸው ሰዓታት ጨምረዋል። ጁሙዓ በከዘራ ተደግፈው ይሄዳሉ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ይሰግዳሉ። ለእኛ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ከተማ ላይ ሆነን ለወላጆቻችን ገንዘብ እንልካለን፣ ስልክ ደውለን «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» እንላለን፤ እነሱም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አላህ (ሱ.ወ) በእርጅናቸው ጊዜ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው፣ በእዝነት ዝቅ እንድንልላቸው አዞናል። ዝቅ ማለት ማንም የማይጠይቃቸውን መጠየቅም ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ «በደንብ ትበላላችሁ? ስንት ቀናችሁ ከወጣችሁ? ስትውጡ ያንቃችኋል?» በሏቸው። ከተቻለ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ በለሰለሰ ድምፅ። መልሱ ካሳሰባችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ፓርኪንሰን ያለባቸውን ወገኖችና ቤተሰቦቻቸውን የሚደግፍ ድርጅትም አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ የመሠረቱት ወ/ሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ናቸው።

ከእናንተ መካከል ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ አደራ! ስትመረቁ እንደ ጉባ ያሉ ወረዳዎችን አስቧቸው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ፊታችሁ ሲቀመጥ ሆዱንም ጠይቁት።

ያ አላህ! የታመሙ ወላጆቻችንን ማር፤ በሕይወት ያሉትን የምንኻድምበት ልብና እጅ ስጠን፤ ያለፉትን በጀነተል ፊርደውስ አኑርልን። አሚን።

ወላጅ ለሚያስታምም ወንድምና እህት ሁሉ አድርሱት።